ከአባባ ክፍል እስከ ሳሎን

ከበላዬ ባለው ቤት የምትኖረውን ሴት እመት ይቅርታ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የራሷ ስም ጠፍቶ አይደለም፤ ጠባይዋ ስሟን ስለዋጠው ነው። ደረጃ ላይ እግሯን ብረግጣት ይቅርታ የምትለው እሷ ናት። በር ላይ ስንጋጭ፣ ውሃ ሲጠፋ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሳይቀር ይቅርታ ትላለች። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ቶሎ ግንፍል የምል ሴት ነኝ፤ ይቅርታ የሚያበዛ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ግን ምን ላድርግ፣ ወደድኳት።

ሥራዋም ያው ይቅርታ ነው። የቤት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ቀጥሯታል። ዕቃው የተበላሸበት ደንበኛ ሁሉ በኢንተርኔት ቅሬታውን ይጽፋል፤ እሷ ሳሎኗ ውስጥ ላፕቶፗ ላይ ተደፍታ መልስ ትሰጣለች። «ስለተፈጠረው ችግር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» ትላለች፣ በእጇ ስላልነካችው ፍሪጅ፣ በዓይኗ ስላላየችው ምድጃ። መልሷ ትንሽ ከዘገየ ኮምፒዩተሩ ራሱ ለአለቆቿ ያሳብቅባታል። ስለዚህ ከወንበሯ አትነሳም። ወንበሯ ጎማ አለው፤ የእኔ የስፌት መኪና ደግሞ ልክ ከሥሯ ነው። ጎማው ጉርር ካለ ተነሳች እላለሁ። ጭጭ ካለ አንዱ ቤት ማጠቢያ ማሽን ውሃ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።

አባቷ አብረዋት ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በመሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ነው ያሳለፉት፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒዩተር። ጡረታ ሲወጡ የሚጽፉበት ኮምፒዩተር ሊጣል እንደሆነ ሰሙና ለምነው ወደ ቤታቸው አመጡት። ሲነሳ እንደ አሮጌ አውቶቡስ የሚያጓራ ነገር ነው። ልጆቻቸው ላፕቶፕ ገዝተው ቢሰጧቸው «ጣቴ አያውቀውም» ብለው መለሱላቸው። ጣታቸው የሚያውቀው ያንን የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምና ያንን ፊደሉ ተፍቆ ያለቀ ኪቦርድ ብቻ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይጽፉበታል። የጎረቤቱን ማመልከቻ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ፤ ሱቄ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያም እንዲሁ። ኩሩ ሰው ናቸው። ጽፈው የሰጡትን ወረቀት ይዞ «ምን ማለት ነው ይሄ?» የሚላቸውን ሰው ፊት ነስተው ነው የሚያስወጡት። የተጻፈ ነገር እንዲነበብ ነው የተጻፈው ይላሉ፤ ይሉ ነበር ልበል እንጂ።

አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ምላሳቸውም አብሮ ተያዘ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ልጆቻቸውን ጠርቶ ቁርጡን ነገራቸው። «የተያዘው ምላሳቸው ነው፤ ሐሳባቸው አለ። የሚፈልጉትን በሆነ መንገድ እስከነገሯችሁ ድረስ በቤታቸው ይሁኑ። ሐሳባቸው የሄደ እንደሆነ ግን ቤት ውስጥ ልትችሏቸው አትችሉም፤ ያኔ መጦሪያ ነው የሚሻለው።»

ይህን ቃል እንደ ሕግ የያዘው ታላቅ ወንድሟ ነው። ከከተማው ማዶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ ስልክ ከጆሮው አይለይም፤ ሲቀመጥም ሊነሳ እንደሆነ ያስታውቃል። እኔ አለቃ እለዋለሁ። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይህን ታሪክ መናገር ይቀለኝ ነበር። እህቱ እያለቀች መሆኗን ያያል፤ ያሳዝነዋል፤ ሲያዝን ደግሞ የሚታየው ነገር ውሳኔ ነው። «የሚፈልጉትን መናገር ካቃታቸው አንድ ቀን አላሳድርም» አላት በሩ ላይ ቆሞ፣ እኔም እየሰማሁ። «አንቺም ሰው ነሽ።»

ሰውስ ነበረች፤ ግን ከሰውነቷ የቀረው ጥቂት ነው። ጠዋት አባቷን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፤ ከዚያ ሳሎን ገብታ ይቅርታዋን ትጀምራለች። መሐል ላይ ከክፍላቸው ኳ ኳ ሲል ትሮጣለች። ደወል ገዝቼላቸው ነበር። ደወል ግን ነይ ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ውሃ ነው? ሽንት ነው? ትራስ ነው? ስትጠይቅና ስትገምት ሳሎን ውስጥ ያለው ደንበኛ ይቆጣል፤ ተመልሳ ለእሱም ይቅርታ ትላለች። አንዳንዴ ደረጃ ላይ ስትወርድ አያታለሁ፤ ልብሱ ራሱን ችሎ የሚወርድ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ እየለካኋት ሳለ ድንገት ቀና አለች። «እትዬ፣ አባባ እኮ ግራ እጃቸው ደህና ነው! መጻፍ ይችላሉ!»

«እና?»

«እሳቸው በራሳቸው ኮምፒዩተር ይጻፉ፤ እኔ በላፕቶፔ ላንብበው። ሁለቱን ማገናኘት ነው። ውሃ ካሉ ውሃ ይዤ እገባለሁ፣ ትራስ ካሉ ትራስ። እየገመትኩ መሮጥ ቀረ!»

እንዲህ ስትደሰት ካየኋት ቆይቼ ነበርና መርፌው በአፌ እንዳለ እሰይ አልኩ።

የኢንተርኔት ባለሙያው መጣ። ጉልበቱን እያሻሸ የሚራመድ፣ በተንበረከከ ቁጥር የሚያቃስት ጎልማሳ ነው። የአባባን ኮምፒዩተር ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀ።

«እህቴ፣ ይሄ ዋይፋይ የሚባል ነገር ሳይመጣ የተወለደ ነው። በአየር አይሆንም፤ በገመድ ነው።»

በሩ አጠገብ ካለው ራውተር ጀምሮ በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ሰማያዊ ገመድ እየመታ፣ በየመሐሉ ወገቡን ይዞ እያረፈ፣ አባባ ክፍል አደረሰው። ኢንተርኔቱ ወዲያው ገባ። እኔ አለቀ ብዬ ሻይ ቀዳሁ። ምኑ ያልቃል! ለካስ ኢንተርኔት ማስገባት ቀላሉ ነው። ጣጣው ሁለቱን ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ ማስተዋወቁ ላይ ነው። የእሷ ላፕቶፕ ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ ጠባዩም ሌላ፣ ዋይፋይ የሚጠቀም፤ የእሳቸው ደግሞ ያ የምታውቁት ሽማግሌ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ራውተር ላይ ተቀምጠው አንዱ ሌላውን አላየሁም ይላል። «አዲሱ አሮጌውን አያምነውም» አለ ባለሙያው ላቡን እየጠረገ፤ «ለጥንቃቄ ተብሎ ነው።» ሻዩ ሁለት ጊዜ በረደ። በመጨረሻ አባባ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ፎልደር ከፍቶ ላፕቶፑ እንዲያየው አደረገ። እንዲያይ ብቻ፤ በስህተት እንዳታጠፋባቸው መንካት አልፈቀደላትም። ለአባባም አንድ ቁልፍ አዘጋጀላቸው። ጽፈው ሲጨርሱ እሱን ሲጫኑ ጽሑፉ ፎልደሩ ውስጥ ይገባል፣ ገጹ ለሚቀጥለው ንጹሕ ይሆናል፣ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፑ ቲንግ ይላል።

«በሉ እንሞክረው» አለና ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አለ። ፊደል የለም፤ ሁሉም ተፍቋል። የአማርኛ አጻጻፉም እሱ የሚያውቀው ዓይነት አይደለም። አባባ እንዳይጽፉ ደግሞ በግርግሩ ደክመው ዓይናቸውን ከድነዋል። ስለዚህ ከላይ ያሉትን የቁጥር ቁልፎች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ መታና ላከው። ሳሎን ቲንግ አለ።

«ደርሷል!» ብላ ጮኸች እመት ይቅርታ። «አንድ ሁለት ሦስት አራት ይላል!»

አባባ በጩኸቷ ነቅተው በግማሽ አፋቸው ሳቁ። ባለሙያው ጉጠቱን ሰብስቦ ሄደ። እኔም ልቤ ሞልቶ ወደ ስፌቴ ወረድኩ።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይዤ ስወጣ የመጀመሪያው መልእክት ደረሰ። ቲንግ! ፊቷ በራ፤ ከፈተችው። ከዚያ ፊቷ እንደበራ ቆሞ ቀረ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። አማርኛ አይደለም። እንግሊዝኛም አይደለም። ባርኔጣ ያጠለቁ የፈረንጅ ፊደሎች፣ ሠረዝ፣ ነጠብጣብ፣ የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት፣ ዝም ብሎ የተበተነ።

«እጃቸው ስላልለመደ ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «ግራ እጅ ነው።»

ተነስታ ገባች፤ እኔም ተከተልኩ። ኮምፒዩተሩ ፊቱን ወደ አልጋው፣ ጀርባውን ወደ በሩ ሰጥቶ ነው የተቀመጠው፤ ዞራ ብታየውም ገጹ ባዶ ነበር፣ ቁልፉ ጠርጎታል። «አባባ፣ ምን ፈለጉ? ውሃ ላምጣ?» አለቻቸው። ረጅም አዩዋት። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ አይደለም። «ትራስ? ብርድ ነው?» አሁንም አዩዋትና እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ መልሰው ጻፉ። ሳሎን ቲንግ አለ። ሮጣ ሄዳ አየች፤ ያው ባርኔጣ፣ ያው ነጠብጣብ። ውሃ ይዛ ተመለሰች። አባባ ብርጭቆውን በእጃቸው ገፋ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ እንዲያው የክፍሉ ጨለም ማለት ነው የሚያበሳጫቸው ብዬ፣ ራሴ የሰፋሁትን፣ ግማሽ ተከፍቶ የነበረውን መጋረጃ ወደ ጎን ሰብስቤ በጨርቅ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ብርሃን ለበሽተኛ ጥሩ ነው። በወጣሁ ቁጥር እንደዚያ ማድረግ ልማዴ ሆነ።

ሳምንታት በዚህ ሄዱ። ቲንግ ይላል፣ ትከፍታለች፣ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ታያለች፣ ትገባለች፣ ትገምታለች፣ ትሳሳታለች። መጀመሪያ ሰሞን በጭንቅላታቸው አዎ አይደለም ይሉ ነበር። እያደር እሱንም ተዉት። ስትጠይቃቸው ዝም ብለው ያዩአታል፤ ከዚያ ግድግዳውን ያያሉ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ፍሪጁ ያልቀዘቀዘለት ሰው ይሳደባል። ከላይ ጎማው ጉርር ሲል፣ ጉርር ሲል፣ እኔ ከሥር ሆኜ ስንት ስፌት አጣመምኩ። ደክሟት ጠረጴዛው ላይ የተደፋች ቀን ሄጄ ቀሰቀስኳት። ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው ይቅርታ ነው።

«ተይ እስቲ!» ብዬ ጮህኩባት። «ማንን ነው?»

«እትዬ፣ አባባ ጥለውኝ ሄደዋል እኮ» አለችና ላፕቶፑን አዞረችልኝ። «ይሄን የሚጽፍ ሰው ሐሳብ አለው ይባላል?»

ተራ በተራ አሳየችኝ። እኔ የማየው እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨርቅ ላይ ጥለት ሲደጋገም ዓይኔ ቶሎ ይይዘዋል። «የሁሉም መጀመሪያ አንድ ዓይነት ነው» አልኳት። «ባለ ባርኔጣዋ፣ ከዚያ ይህቺ ጭረት። ሁልጊዜ በዚህች ነው የሚጀምረው።»

«እጃቸው የለመደው ቦታ ላይ ይወድቃል» አለች ዓይኗን እያሻሸች። እኔም አዎ ብዬ ተውኩት። ሁለታችንም ደክሞን ነበር፤ የደከመ ሰው ደግሞ ለጥያቄ የመጣለትን የመጀመሪያ መልስ ተቀብሎ ይቀመጣል። በሽታው ሁሉን ነገር ይመልስ ነበርና ኮምፒዩተሩን የጠየቀው ሰው የለም።

ከወንድሟ ብዙ ጊዜ ደበቀችው። ደህና ናቸው፣ ይጽፉልኛል ትለው ነበር፤ መጻፉንስ ይጽፉ ነበር። በመጨረሻ ድምጿ አሳበቀባት መሰለኝ አንድ እሑድ ታብሌቱን ይዞ መጣ። የቤቱን ዋይፋይ ይለፍ ቃል አስገብቶ ፎልደሩን በራሱ ታብሌት ከፈተ። እሱ ጋ ደግሞ ባርኔጣ እንኳ የለም፤ ባዶ ሣጥን፣ ባዶ ሣጥን፣ ባዶ ሣጥን፣ እንደ ተደረደረ ጡብ። የእሷ ሌላ፣ የእሱ ሌላ ማሳየቱን ሁላችንም አየን፤ ምስክሩ ሁለት ሆነ አልን እንጂ ምስክሮቹ ለምን አይገጥሙም ያለ የለም።

አለቃ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ በኩል፣ አባቱ እግር ሥር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ፤ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባባ» አለ፤ «እኔ ማን ነኝ? እዚህ ላይ ጻፉልኝ።»

አባባ ትኩር ብለው አዩት። ቅንድባቸው ወደ ላይ ተነሳ። ከዚያ በግራ እጃቸው ቀስ እያሉ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ፣ ረዘም አድርገው ጻፉና ቁልፉን ተጫኑ። አለቃ ታብሌቱን አየ። ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን። ታብሌቱን ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ ደፍቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከሰማያዊው ገመድ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያን ያህል ስልክ የሚያወራ ሰው እንደዚያ ድምፅ አጥቶ ሲያለቅስ ማየት አንጀት ይበላል።

«አላወቁኝም» አለ። ቆየት ብሎ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ «በቃ፣ መጦሪያ ይሂዱ። በሚቀጥለው ሳምንት እወስዳቸዋለሁ» አለ። እህቱ አልተከራከረችም። እውነቱን ልናገር፤ ትከሻዋ ወረደ። ሸክም ሲወርድ ትከሻ እንደሚወርደው ወረደ፤ ያንን ራሷም ስለተሰማት ነው ቀጥላ ያለቀሰችው።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ከስተው ነበርና ሱሪዎቻቸውን ሁሉ አጥብቤ፣ ተኩሼ ይዤ ወጣሁ። አለቃ መኪናው ውስጥ መቀመጫ እያመቻቸ ታች ነው። አባባ ለብሰው፣ ታጥቀው፣ ትራስ ተደግፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ልክ ፊታቸው ላይ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ሻንጣው ላይ ጎንበስ ብዬ ልብስ አጣጥፋለሁ።

እመት ይቅርታ ሳሎን ሆና ያንን ፎልደር ልታጠፋ ትታገላለች። ከእንግዲህ እዚያ ቁጭ ብሎ እንዲያያት አልፈለገችም። ላፕቶፑ ግን እምቢ አላት፤ ባለሙያው እንድታይ እንጂ እንድትነካ አልፈቀደላትማ። ለማጥፋት የግድ አባባ ኮምፒዩተር ላይ መሄድ ነበረባት። ገባች። ሳታያቸው በዚያኛው በኩል ዞራ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ገመዱ ከተዘረጋ ወዲህ እዚያ ቦታ፣ እሳቸው በሚያዩበት በኩል፣ ተቀምጣ አታውቅም። ቲንግ ያለው ሁሉ ሳሎን ስለሚጠራት እዚህ የሚያስቀምጣት ነገር አልነበረም።

ፎልደሩን አገኘችው፤ አጥፋ አለችው። ኮምፒዩተሩ አጓርቶ አጓርቶ፣ ያልተዘጋ ጽሑፍ ስላለ አይቻልም አላት። «እንዴት ያለ ጣጣ ነው!» አለች፤ ከእሷ አፍ የወጣ የመጀመሪያው ቁጣ ነው። ያልተዘጋውን ልትዘጋ ስትል ገጹ ፊቷ ላይ ወጣ። አባባ ጀምረው ገና ያልላኩት ጽሑፍ ነበር።

የቁልፎቹ ኳኳታ ሲቆም ቀና አልኩ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እያነበበች ነው። ሱሪውን ጥዬ ዞሬ ሄድኩ። አማርኛ ነው። ጥርት ያለ፣ ነጥቡ ያልጎደለ፣ ሱቄ በር ላይ እንዳለው ማስታወቂያ ያማረ አማርኛ።

«ልጄ፤ ወንድምሽ በሩ ላይ ያለውን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ አልተያዘም። ከከበድኳችሁ እሄዳለሁ፤ አንቺም ትንሽ ዕረፊ። አንድ ነገር ብቻ ሳይገባኝ ልሄድ ነው። ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ አንድ ቀን እንኳ እንደጻፍኩት አላደረግሽልኝም። ምን አስቀይሜሽ ነው?»

ኋላ ባለሙያው በስልክ አስረድቶናል። ያ የድሮ ፕሮግራም የአማርኛውን ፊደል የሚያለብሰው በፈረንጁ ፊደል ላይ ነው። የአባባ ኮምፒዩተር ልብሱ ስላለው አማርኛውን ያሳያል፤ ላፕቶፑም ታብሌቱም ልብሱ ስለሌላቸው የሚያሳዩት ገበሩን ነው። ቁጥር ደግሞ የትም ቁጥር ነው፤ ለዚያ ነው ሙከራው የሠራው። ያን ሰዓት ግን ይህን አላወቅንም። ያወቅነው ነገር ቢኖር ሰውዬው ከእኛ ጋር መሆናቸውንና ያልነበርነው እኛ መሆናችንን ነው።

ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው።

«ልጄ፤ መጋረጃውን ዝጊልኝ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።»

«ልጄ፤ መጋረጃ ነው ያልኩሽ፣ ውሃ አይደለም።»

«ልጄ፤ ጎረቤታችን ይባስ ብላ አሰረችው። እባክሽ ንገሪያት።»

ዓይኔን የት ላድርገው? ማሰሪያው እዚያው፣ እንዳሰርኩት ጥብቅ ብሎ አለ። እሷ ግን አላየችኝም፤ መክፈቷን ቀጠለች።

«ልጄ፤ ጽፌልሻለሁ እኮ። አንብበሽ ስታበቂ ለምን መልሰሽ ትጠይቂኛለሽ? እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም።»

«ልጄ፤ ዛሬ ምሳሽን አልበላሽም። የወንበርሽን ጎማ እየሰማሁ ነው፤ ወደ ወጥ ቤት አልሄደም።»

እኔ ብቻ ነበርኩ ጎማውን የምሰማው የመሰለኝ።

«ልጄ፤ ሲደክምሽ እኔ ክፍል መጥተሽ ጋደም በይ። አልናገርም፣ አልረብሽሽም።»

እያንዳንዱ በልጄ ይጀምራል። ያቺ ባለ ባርኔጣ፣ ያቺ ጭረት፣ ያ እጃቸው የለመደው ቦታ ያልነው፣ ልጄ ማለት ነበር። ስንት ጊዜ ልጄ ብለው ጠሯት፣ ስንት ጊዜ ውሃ ይዛ ገባች!

«ምነው ቆያችሁ? መኪናው መንገድ ዘግቷል እኮ» እያለ አለቃ ገባ። እኔ እጄን ወደ ኮምፒዩተሩ ዘረጋሁ። ዞሮ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። እህቱ የፈለገችው የእሑዱን ነበር፤ ረዘም ያለውን። አገኘችውና ከፈተችለት።

«ልጄ ነህ። ይህ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ጢምህን ተላጨው፤ ከእኔ በላይ ሽማግሌ መስለሃል። እህትህን አሳርፋት።»

አለቃ እጁን ጢሙ ላይ አደረገ። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ከሻንጣው አጠገብ፣ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ለማልቀስም ለመሳቅም አፉ አልታዘዝ አለው። «ያውቁኛል» አለ ለራሱ። «ያውቁኛል እኮ።»

እመት ይቅርታ ወደ አባቷ ዞረች። ዓይናቸውን ገልጠው እያዩዋት ነበር። አፏን ከፈተች። ቀኑን ሙሉ ለማያውቋት ሰዎች ስትበትነው የምትውለው ያ ቃል ያን ሰዓት አልወጣ አላት፤ ሁለት ጊዜ ሞክራ አቃታት። ግንባሯን ደህናው እጃቸው ላይ ደፋችና «አልደረሰኝም ነበር፣ አባባ» አለች። «የጻፉልኝ አንዱም አልደረሰኝም። አሁን ነው የማነበው። አሁን!»

ነገሩ አባባን ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ግንባራቸው ላይ የነበረው ቋጠሮ ቀስ እያለ ተፈታ። እጃቸውን ከግንባሯ ሥር አወጡ። ፀጉሯን ይዳብሱታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ጎተቱት።

ሦስታችንም ገጹ ላይ አፈጠጥን። አንድ ፊደል መጣ። ቆይቶ ሌላ።

«ልጄ፤»

አለቃ ከወለሉ ተነስቶ ቀረበ። እኔ መሐረቤን አወጣሁ። አባባ ጣታቸውን አንስተው፣ በብርሃኑ ዓይናቸውን አጨንቁረው፣ የሚቀጥለውን ፈለጉና ጻፉ።

«መጋረጃው።»

ወንድምና እህት እኩል ተነሱ። አለቃ ቀድሞ ደርሶ ማሰሪያውን ጎተተ፤ አልፈታ አለው፤ እንደገና ጎተተ፤ በጥርሱ ሞከረ። ሳሎን ውስጥ ላፕቶፑ ቲንግ ቲንግ ይላል፤ ከታች መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ ይጮሃል። እሷ ግን ወደ ሳሎን አልሮጠችም፤ ወንድሟ መጋረጃው ጋ ሲቀድማት ተመልሳለች። አባቷ አጠገብ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። ያሰርኩት እኔ ነኝና አለቃን በክንዴ ገፋ አድርጌ ማሰሪያውን ፈታሁት፤ መጋረጃውም ወረደ።